የአባትዎ ጡረታ በሙሉ ታክስ ከተጣለበት ቦክስ 2ኤን ይመልከቱ

ሜሪላንድ የሚኖሩ አንባቢ የጠየቁን ይህን ነው፦ አባታቸው ከቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ በየወሩ 1,200 ዶላር ጡረታ ያገኛሉ። ሲጀምሩ 66 ዓመታቸው ነበር። ታክስ ከተከፈለበት ደመወዛቸው 31,500 ዶላር አዋጥተዋል። ለ2025 ግን የታክስ መሙያ ሶፍትዌሩ የዓመቱን 14,400 ዶላር እንዳለ ታክስ ጣለበት፤ ምን ያድርጉ?

በ1099-አር (ጡረታ ከፋዩ በሚልከው ዓመታዊ ቅጽ) ላይ ቦክስ 2ኤ (ታክስ የሚከፈልበት መጠን) ባዶ ሆኖ ቦክስ 2ቢ ላይ «ታክስ የሚከፈልበት መጠን አልተወሰነም» የሚለው ምልክት ተደርጎበት ከሆነ፣ ከፋዩ ሒሳቡን ለእርስዎ ትቶታል ማለት ነው። ባዶ ዜሮ አይደለም። ብዙ ሶፍትዌር ሌላ ካልነገሩት ቦክስ 1ን (ጠቅላላ ክፍያውን) በሙሉ ታክስ እንደሚከፈልበት አድርጎ ይወስዳል። 2ኤ ላይ 0 ከጻፉ ደግሞ ታክሱ ከሚገባው በታች ይሆናል፤ ቅጹን ጨርሶ ካላስገቡት አይአርኤስ (የፌዴራል ታክስ መሥሪያ ቤቱ) ቅጂው ስላለው ደብዳቤ ይመጣብዎታል።

ቅጹን እንደታተመው ያስገቡና 2ቢ ላይ ምልክቱን ያድርጉ። ሶፍትዌሩ «ሲምፕሊፋይድ ሜተድ» (ያዋጡት ገንዘብ በየወሩ ከታክስ ነጻ ሆኖ የሚመለስበት ስሌት) ወደሚባለው ክፍል ሲወስድዎ አባትዎ ያዋጡትን ጠቅላላ ገንዘብ (ቦክስ 9ቢ ላይ ሊገኝ ይችላል) እና ክፍያው ሲጀመር የነበራቸውን ዕድሜ ይሙሉ። ከ66 እስከ 70 ላለ ዕድሜ አካፋዩ 210 ነው። 31,500 ለ210 ሲካፈል 150 ይመጣል፤ በ12 ወር 1,800 ዶላር ነጻ ነው። 1040 (ዓመታዊው የታክስ ቅጽ) ላይ መስመር 5ኤ 14,400፣ 5ቢ 12,600 ማሳየት አለበት። ጡረታው ቢጨመርም 150ው አይለወጥም፤ 31,500ው ተመልሶ ሲያልቅ ግን ሁሉም ታክስ ይከፈልበታል።

ጡረታው ከእሳቸው በኋላ ለእናትዎ የሚተላለፍ ከሆነ የሁለቱ ዕድሜ ይደመራል። እናትዎ ያኔ 60 ከነበሩ ድምሩ 126፣ አካፋዩ 310 ይሆናል፤ በወር ነጻ የሚሆነው ወደ 101.61 ይወርዳል።

በብዛት የሚበላሸው ዕድሜው ላይ ነው። የአሁኑን ዕድሜ የሚሞሉ አሉ፤ አባትዎ 71 ሲሞሉ እንዲህ ቢደረግ አካፋዩ 160 ሆኖ ስሌቱ ይዛባል። የ9ቢን ቁጥር ቦክስ 5 ውስጥ ማስገባትም የተለመደ ስሕተት ነው። የአይአርኤ (የግል ጡረታ ቁጠባ) ሳጥን በስሕተት ምልክት ከተደረገበት ገንዘቡ ወደ መስመር 4 ይሄዳል። ቦክስ 7 ላይ «ዲ» ካለ ግን አኑዪቲው (በየጊዜው የሚከፈለው ገንዘብ) ከመሥሪያ ቤት ውጭ የተገዛ ነው፤ ይህ ስሌት አይሠራለትም።

ሶፍትዌሩ ባለፉት ዓመታት ከታክስ ነጻ የተመለሰውን ሲጠይቅዎ፣ በትክክል ተሞልቶ ከነበረ የ2023ን እና የ2024ን ድምር 3,600 ይጻፉ። በ2023 እና በ2024 ሙሉውን ከፍለው ከሆነ መጀመሪያ በ1040-ኤክስ (የማስተካከያ ቅጽ) ያስተካክሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የዚያ ዓመት የመጀመሪያው 1040 ከቀረበበት ቀን አንሥቶ 3 ዓመት አለዎት።