የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ ፕሮግራም የሚጽፍ ፕሮግራም የሠራችው ቤቲ ሆልበርተን

ስለ መጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮችና ስለ ፕሮግራመሮቻቸው የቀረቡልን ጥያቄዎች እነሆ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የፕሮግራሚንግ ታሪክ ሲነሳ የሚጠራው የሴት ስም ወይ ኤዳ ላቭሌስ ነው ወይ ግሬስ ሆፐር። ቤቲ ሆልበርተን የምትባል ሴትም እንደነበረች በቅርቡ ሰማሁ። ማን ናት? ምን ሠራች?

መልስ፦ ፍራንሲስ ኤሊዛቤት ስናይደር መጋቢት 7 ቀን 1917 በፊላደልፊያ ተወለደች። ሆልበርተን በ1950 ካገባች በኋላ የያዘችው ስም ነው። በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ልትማር ገብታ ገና በመጀመሪያው ቀን መምህሩ ቤትሽ ተቀምጠሽ ልጅ ብታሳድጊ ይሻልሻል አላት። ሒሳቡን ትታ ጋዜጠኝነት ተማረች። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ግን የአሜሪካ ጦር የመድፍ ተኩስ ሰንጠረዥ የሚያሰላ ሰው ቸገረው፤ ሒሳብ የሚችሉ ሴቶችን በዚያው ዩኒቨርሲቲ በሙር የኤሌክትሪክ ምህንድስና ትምህርት ቤት ሰበሰበ። የሥራ መደባቸው ስም “ኮምፒውተር” ነበር፤ የሚያሰላ ሰው ማለት ነው። አንድ ሰው በጠረጴዛ ማስያ የአንዲት ጥይት ጉዞ አስልቶ ለመጨረስ ከ30 እስከ 40 ሰዓት ይፈጅበታል።

በ1945 ከእነዚህ ሴቶች መካከል ስድስቱ ገና እየተገነባ ለነበረው፣ ኤኒያክ ለተባለው ኤሌክትሮኒክ ኮምፒውተር ተመረጡ፦ ቤቲ ስናይደር፣ ጂን ጄኒንግስ፣ ኬይ ማክነልቲ፣ ማርሊን ዌስኮፍ፣ ፍራንሲስ ባይለስና ሩት ሊክተርማን። ቤቲ ከዚያ በኋላ የኤኒያክ ሠሪዎች ኤከርትና ሞችሊ ባቋቋሙት ኩባንያ ዩኒቫክ ለተባለው ኮምፒውተር ሠራች፤ በ1953 ወደ ባሕር ኃይሉ የምርምር ማዕከል፣ በ1966 ደግሞ ወደ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ሄደች፤ የኮቦልና የፎርትራን ቋንቋዎችን ደረጃ በማውጣቱም ተሳትፋለች። ታኅሣሥ 8 ቀን 2001 አረፈች። ከሥራዎቿ ሁሉ እኛ የምናስቀድመው በ1951 ያጠናቀቀችውን፣ ሌላ ፕሮግራም የሚጽፍ ፕሮግራም ነው። ዝርዝሩን ከታች እናመጣዋለን።

ጥያቄ፦ ኤኒያክ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ አልነበረውም ይባላል። ታዲያ ምን ላይ ነው ፕሮግራም የሚጻፈው?

መልስ፦ መጀመሪያ ወረቀት ላይ፣ ቀጥሎ በገመድና በማዞሪያ። ኤኒያክ 40 ፓነልና 18,000 ገደማ ቫኪዩም ቲዩብ (ኤሌክትሪክን የሚቆጣጠር የመስታወት ቱቦ) ነበረው። ቁጥር የሚይዘውና የሚደምረው ክፍል አኩሙሌተር ይባላል። 20 አኩሙሌተሮች ነበሩት፤ እያንዳንዱ ባለ 10 አሃዝ አንድ ቁጥር ከነምልክቱ ይይዛል። በስሌቱ መሃል የሚለዋወጥ ቁጥር ማስቀመጫው ይኸው ብቻ ነው።

ሥራው የሚጀመረው እኩልታውን በመሰባበር ነው። የጥይቱ ቦታ፣ ፍጥነትና የአየር ግጭት በጣም አጭር በሆኑ የጊዜ እርከኖች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ እርከን ተራ መደመር፣ መቀነስና ማባዛት እስኪሆን ድረስ ይበጣጠሳል። ከዚያ ትልቅ ወረቀት ይሰመራል። በአግድም የማሽኑ ክፍሎች፣ ወደ ታች ጊዜው ይደረደራሉ። አንዱ የጊዜ መደብ አንድ መደመር የሚፈጀው 200 ማይክሮሰከንድ ነው። በየሳጥኑ ውስጥ የትኛው ክፍል ቁጥር እንደሚልክ፣ የትኛው እንደሚቀበል፣ ስንት ጊዜ እንደሚደግም ይሞላል።

ወረቀቱ ሲያልቅ ወደ ማሽኑ ይኬዳል። ገመዱ ሁለት ዓይነት ነው፦ አንደኛው ቁጥር ያስተላልፋል፤ ሁለተኛው “አሁን ጀምር” የሚል ምት ብቻ ያደርሳል። አንድ ክፍል ሥራውን ሲጨርስ ምት ይለቃል፤ ያ ምት በገመድ የተያያዘውን ቀጣይ ክፍል ያስነሳል። የፕሮግራሙ ቅደም ተከተል እንግዲህ የገመዱ መንገድ ራሱ ነው። በእያንዳንዱ አኩሙሌተር ላይ 12 የትዕዛዝ መቆጣጠሪያዎች አሉ፤ 8ቱ አንድን ትዕዛዝ እስከ 9 ጊዜ መድገም ይችላሉ። ከዚያ በላይ የሚደጋገም ዙር ካለ ማስተር ፕሮግራመር በሚባለው ክፍል ላይ በማዞሪያ ይቆጠራል። የአየር ግጭቱ ሰንጠረዥ ደግሞ ፈንክሽን ቴብል በሚባሉት 3 መደርደሪያዎች ላይ ቁጥር በቁጥር ይሞላል፤ በእያንዳንዱ መደርደሪያ 1,200 ማዞሪያዎች አሉ።

ብዙ ነገር ይበላሽ ነበር። ገመድ ከጎረቤት ቀዳዳ ይሰካል። ሁለት ክፍሎች በአንድ መስመር በአንድ ጊዜ ቁጥር ይልኩና አሃዞቹ ይደባለቃሉ። ቲዩብ ይቃጠላል፤ በተለይ ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ፣ ክሩ ሲቀዘቅዝና ሲሞቅ። የተሳሳተ መልስ ሲወጣ ጥፋቱ የፕሮግራሙ ይሁን የቲዩቡ ወዲያው አይታወቅም። ለዚህም አንድ የጥይት ጉዞ ልክ ኤኒያክ በሚሄድበት እርከን በእጅ ይሰላል፤ ማሽኑ ከእጅ ስሌቱ ጋር የሚለያይባት እርከን ስትገኝ የፍለጋው ቦታ ይጠባል። እዚያ ነጥብ ላይ የምት ገመዱን ይነቅሉታል፤ ማሽኑ ይቆማል፤ በየአኩሙሌተሩ ፊት ላይ ባሉት ትንንሽ የኒዮን መብራቶች ቁጥሩ ይነበባል። ዛሬ ፕሮግራመሮች ስህተት ሲፈልጉ የሚያስቀምጡት “ብሬክፖይንት” ስሙን ያገኘው ከዚህ ገመድ መንቀል ነው።

ጥያቄ፦ ኤኒያክ ለሕዝብ በታየበት ዋዜማ ቤቲ ስህተቱን ያገኘችው ተኝታ ነው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ የሥራ ጓደኛዋ ጂን (በኋላ ጂን ባርቲክ) ደጋግማ የተናገረችው ነው። የካቲት 15 ቀን 1946 ለሚደረገው ትርኢት የጥይት ጉዞውን ፕሮግራም ያዘጋጁት ሁለቱ ናቸው። ዋዜማው ላይ አንድ ችግር ቀረ፦ ጥይቱ መሬት ከነካ በኋላ ስሌቱ አይቆምም፤ መሬቱን ሰርስሮ ቁልቁል መውረዱን ይቀጥላል። እኩልታው ትክክል ነው፤ እስከ መሬት ያሉት ቁጥሮችም ትክክል ናቸው። ቤቲ ሳይፈታላት ወደ ቤቷ ሄደች። ሌሊት ላይ ጥፋቱ ታያት፤ በማለዳ መጥታ በማስተር ፕሮግራመር ላይ አንዲት ማዞሪያ በአንድ ቁጥር አንቀሳቀሰች፤ ተስተካከለ።

ዛሬም ከሁሉ የበለጠ ጀማሪ የሚያጠቃው ይኸው ነው፦ ዙርን አንድ አብልጦ ወይም አንድ አሳንሶ መቁጠር። መሃሉ ሁሉ ትክክል ስለሚሆን ጫፉን ካላዩ አይገኝም።

ጥያቄ፦ በኪቦርድ በስተቀኝ ያለውን የቁጥር መምቻ ያመጣችው እሷ ናት?

መልስ፦ በዩኒቫክ መቆጣጠሪያ ጠረጴዛ ላይ የቁጥር ቁልፎቹ ከፊደሎቹ ጎን ለብቻቸው እንዲሰበሰቡ ያደረገችው እሷ ናት ተብሎ ይመሰከርላታል። ለእኛ ግን ሲ-10 የተባለው የትዕዛዝ ስብስብ ይበልጣል። ትዕዛዞቹ በደረቅ ቁጥር ሳይሆን በፊደል ተወከሉ፦ ለመደመር የእንግሊዝኛው “አድ” መነሻ ፊደል፣ ቁጥር ለማምጣት የ“ብሪንግ” መነሻ ፊደል፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ትዕዛዙን ያየ ሰው ሰንጠረዥ ሳይገልጥ ምን እንደሚሠራ ይገባዋል።

ጥያቄ፦ ዝናዋ ፋይል በመደርደር ፕሮግራም ነው ይባላል። መደርደር ዛሬ በአንዲት ትዕዛዝ ያልቃል። ያኔ ምኑ ነው የከበደው?

መልስ፦ የቦታው ጥበት ነው። ዩኒቫክ በማህደረ ትውስታው የሚይዘው 1,000 ቃል ነበር፤ አንዱ ቃል 12 ፊደል ወይም አሃዝ ነው። አንድ መዝገብ 10 ቃል ቢሆንና መዝገቦቹ 10,000 ቢሆኑ 100,000 ቃል ይሆናሉ፤ ከማህደረ ትውስታው 100 እጥፍ። ፕሮግራሙ ራሱም እዚያው ውስጥ ቦታ ይፈልጋል። መዝገቡ ያለው በማግኔት ቴፕ ላይ ነው፤ ቴፕ ደግሞ መሃሉ ላይ ዘሎ አይነበብም።

መላው እንዲህ ነው፦ ለምሳሌ 50 መዝገብ እየተነበበ በውስጥ ይደረደርና ወደ ቴፕ ይጻፋል። 200 ጭፍራዎች (እያንዳንዱ በውስጡ የተደረደረ የ50 መዝገብ ቡድን) ይወጣሉ። ቀጥሎ ከሁለት ቴፕ ሁለት ጭፍራ ጎን ለጎን እየተነበበ፣ ከፊት ካሉት ሁለት መዝገቦች አነስተኛው ወደ ሦስተኛ ቴፕ ይወጣል። 200ው 100 ይሆናል፤ ከዚያ 50፣ 25፣ 13፣ 7፣ 4፣ 2፣ በመጨረሻ 1፤ ፋይሉ በሙሉ ስምንት ጊዜ ይመላለሳል። በአንዴ ሦስት ጭፍራ ማዋሃድ ከተቻለ ምልልሱ አምስት ብቻ ነው፤ ግን 6 ቴፕ ይፈልጋል፤ ሦስቱ ሲነበቡ ሦስቱ ይጻፋሉ። ዩኒቫክ ላይ የሚገጠመው ቢበዛ 10 ነው። ስለዚህ በየሥራው የመዝገቡ ርዝመት፣ የሚደረደርበት ቁልፍ የሚገኝበት ቦታና ያሉት ቴፖች ብዛት ሲለዋወጥ ፕሮግራሙም እንደ አዲስ ሊጻፍ ነው። ይህን አሰልቺ ሥራ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አመክንዮው ያው ሆኖ አድራሻው ሁሉ ይለወጣል፣ ስህተትም የሚገባው እዚያ ነው።

የቤቲ “ሶርት-መርጅ ጄነሬተር” እዚህ ላይ ነው የመጣው። የፋይሉን መግለጫ ይሰጡታል፤ ለዚያ ፋይል የሚሆነውን የመደርደሪያና የማዋሃጃ ፕሮግራም፣ የቴፖቹን የማንበብና የመጻፍ ትዕዛዝ ጨምሮ፣ ማሽኑ ራሱ ያወጣል። ከዚያ በፊት ፕሮግራም የሚጽፈው ሰው ብቻ ነበር። ግሬስ ሆፐር ወደ ኮምፓይለር (ሰው የጻፈውን ወደ ማሽን ትዕዛዝ ወደሚለውጥ ፕሮግራም) ስትሄድ ይህን የቤቲን ሥራ አይታ ነው፤ ይህንንም አልሸሸገችም።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ ሠርታ ስሟ እንዴት ሳይታወቅ ቀረ?

መልስ፦ በ1946ቱ ትርኢት መሐንዲሶቹ ሲወደሱ ስድስቱ ፕሮግራመሮች አልተጠሩም፤ ማታ በተደረገው እራት ላይም አልተጋበዙም። ፎቶግራፎቹ ላይ አሉ፤ ስማቸው ግን ከሥር አልተጻፈም። በ1980ዎቹ ካቲ ክላይማን የተባለች ተማሪ ሴቶቹ እነማን እንደሆኑ ብትጠይቅ ማሽኑን ለማሳመር የቆሙ ሞዴሎች ናቸው ተባለች፤ አላመነችም፤ ፈልጋ አገኘቻቸው። ቤቲ በ1997 የኤዳ ላቭሌስ ሽልማትን ስትቀበል 80 ዓመቷ ነበር።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። የማዋሃድ ድርደራን ያለ ኮምፒውተር በክፍል ማሳየት ይቻላል?

መልስ፦ ቤቲም የመደርደሩን ውሳኔ ያወጣችው በመጫወቻ ካርታ ነው። ከ1 እስከ 16 የተጻፈባቸውን 16 ካርዶች በውዙ። ደንቡ አንድ ነው፦ በእጅ ከ4 ካርድ በላይ አይያዝም። አራት አራት እያነሱ ይደርድሩና፣ ከትልቁ ጀምረው አንዱን በአንዱ ላይ እየጫኑ ያስቀምጡ፤ ትንሹ ከላይ ይሆናል። አንደኛውና ሦስተኛው ጭፍራ ክምር “ሀ” ላይ፣ ሁለተኛውና አራተኛው ክምር “ለ” ላይ ይሁኑ። አሁን የሁለቱን ክምር የላይ ካርድ ብቻ አወዳድረው ትንሹን ወደ ክምር “ሐ” ያውርዱ። ስምንት ካርድ ሲሞላ ቀጣዮቹን ስምንት ወደ “መ” ያውርዱ።

ተማሪዎች የሚሳሳቱት ሁለት ቦታ ነው። አንደኛ፣ “ሀ” ላይ ያለው ጭፍራ አራቱም ሲያልቅ ሥሩ ያለውን የሌላ ጭፍራ ካርድ ያወዳድራሉ፤ ድርደራው ይፈርሳል። ከአንዱ ወገን አራቱ ካለቀ የሌላኛው ወገን ቀሪ መጀመሪያ ይራገፍ። ይህን ለመከላከል በየጭፍራው መሃል ነጭ ወረቀት ያስገቡ። ሁለተኛ፣ “ሐ” እና “መ” ላይ አሁን ከላይ ያለው ትልቁ ነው፤ በመከመር ቅደም ተከተሉ ስለተገለበጠ በሁለተኛው ዙር ትልቁን ነው ማውረድ የሚገባው። ዩኒቫክም ቴፑን ሳይጠቀልል ወደ ኋላ ማንበብ ይችል ነበር፤ ወደ ኋላ ሲነበብ ልክ እንደ ክምሩ ትልቁ ይቀድማል። ተማሪዎቹን በሁለተኛው ዙር ትንሹን እንዲያወርዱ አንድ ጊዜ ይተዋቸው፤ ስህተቱን አይተው ራሳቸው ያቆማሉ።