2,147,483,647፦ ከድሬ ለወጣቶች

ልጆቼ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ከኮምፒውተር ጋር ወደ 30 ዓመት ሠርቻለሁ። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ቁጥር ነው።

የተዋወቅነው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። የሲስተሙ ቆጣሪ ሲጨምር ሲጨምር ቆይቶ 2,147,483,647 ላይ ሲደርስ ድንገት ኔጌቲቭ ሆነ። ግንቦት ነበር፤ የድሬን ግንቦት ታውቁታላችሁ። ሦስት ሌሊት ኮዱን መስመር በመስመር ፈተሽኩት። ምንም አላገኘሁም። በአራተኛው ቀን ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ ይዘን፣ ለአንድ የሒሳብ መምህር ወዳጄ ነገርኩት።

«እሱማ ኦይለር የሚባለው የሒሳብ ሊቅ የመረመረው ቁጥር ነው» አለኝ። «31 ሁለቶችን አባዛና 1 ቀንስ።»

ነገሩ ወዲያው በራልኝ። ሲስተሙ ቁጥሩን የሚይዘው በ32 ቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1 በሚይዙ 32 ቦታዎች ነው። አንዱ ቢት ለምልክት (ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ) ይሄዳል፣ 31 ይቀራል። ከዚያ በላይ አንድ ቢጨመር ይገለበጣል። ሦስቱን ሌሊት ሙሉ «ለምን እዚህ ቁጥር ላይ?» ብዬ አልጠየቅኩም ነበር።

ይኸው ቁጥር አሁንም ይጠብቀናል። አሮጌ የ32 ቢት ሲስተሞች ሰዓት የሚቆጥሩት ከፈረንጆቹ 1970 መግቢያ ጀምሮ በሰከንድ ነው። ቆጠራው የሚሞላው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ዕለት፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። ያኔ ሥራው ላይ የምትገኙት እናንተ ናችሁ።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ የገረመኝ ኦይለር ነው። ይህ ቁጥር ብቸኛ ቁጥር (ፕራይም)፣ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው፣ መሆኑን ያረጋገጠው በፈረንጆቹ 1772 ነው። ዓይኑ ማየት አቁሞ ነበር ማለት ይቻላል። የቁጥሩ ስኩዌር ሩት ከ46,340 ትንሽ ይበልጣል፤ አካፋይ ካለው ቢያንስ አንዱ ከዚያ አይበልጥም። እስከዚያ ድረስ ወደ 4,800 የሚጠጉ ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። ሁሉንም በእጅ ማካፈል! ኦይለር እንደዚያ አላደረገም። አካፋይ ቢኖረው ምን ዓይነት ይሆናል ብሎ አስቀድሞ ጠየቀ። ሊያካፍለው የሚችለው ለ248 ሲካፈል 1 ወይም 63 የሚተርፈው ብቸኛ ቁጥር ብቻ እንደሆነ ደረሰበት። ለፈተና የቀሩት ከ100 አይሞሉም። አንዱም አላካፈለውም።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ኮድ ሲበላሽባችሁ፣ የፈተና ጥያቄ ሲጠጥርባችሁ፣ እጃችሁን ከመስደዳችሁ በፊት ትንሽ ቁጭ በሉ። መልሱ ምን ሊመስል እንደማይችል አስቡ። ጊዜ የምታባክኑ ይመስላችሁ ይሆናል፤ ግድ የለም።

ዛሬ ማታ እርሳስ ያዙ። 11 ሁለቶችን አባዝታችሁ 1 ቀንሱ፤ 2,047 ይመጣል። ይህስ ብቸኛ ነው? በ3፣ በ5፣ በ7 አትድከሙ። ይህን የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ለ22 ሲካፈል የግድ 1 ይተርፈዋል። ከ23 ጀምሩ።