ሮምን ከለገሃር ጀምሪው

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ስታዲየም አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ። በጥቅምት እህቴን ልጠይቅ ስዊድን እሄዳለሁ። የሸንገን ቪዛዬም እጄ ገብቷል። በመንገዴ ጠዋት ሮም ደርሼ እስከ ማታ ሌላ አውሮፕላን እጠብቃለሁ። ኤርፖርት ተጎልቼ ከምውል ከተማውን በእግሬ ባየው ደስ ይለኛል። ጓደኞቼ የጻፉልኝ ዝርዝር ግን 17 ቦታ አለው። ይቻላል? ከየትስ ልጀምር?

መልስ፦ አይቻልም እህቴ። እኔ በአንድ ቀን 11 ቦታ ሞክሬ ዛሬ የማስታውሰው ሦስቱን ነው። ዝርዝሩን ለሌላ ጊዜ አስቀምጪው።

እኔ ብሆን ከለገሃር እጀምራለሁ። አዎ፣ ከኛው ለገሃር። አንድ ቀን ከሥራ ስትወጪ ወደ ድሮው ባቡር ጣቢያ ወረድ በይና የይሁዳ አንበሳን እዪው። በታክሲ ስንቴ አልፈሽዋል፣ ግን ቆመሽ አይተሽው ታውቂያለሽ? በ1923 ዓ.ም. በአፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ሰሞን የቆመ ነው። ጣሊያን ሲወረን ነቅሎ ሮም ወሰደው፤ ዶጋሊ ሐውልት ሥርም አቆመው። ዘርዓይ ደረስ ሰይፉን የመዘዘው ይህንኑ አንበሳ እዚያ ሲያየው ነው ይባላል። አንበሳው ከብዙ ዓመት በኋላ ቤቱ ገባ። ሐውልቱ ግን እዚያው አለ። የቀንሽ መነሻ እሱ ይሁን።

ከፊዩሚቺኖ ኤርፖርት ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለውን ባቡር ያዢ። 14 ዩሮ ነው። የትም ሳይቆም በ32 ደቂቃ ተርሚኒ ጣቢያ ያወርድሻል። ሻንጣሽን እዚያው ጣቢያ ውስጥ ከፍለሽ አስቀምጪና ተገላገዪ። የእጅ ቦርሳሽ ወደ ፊት፣ መርካቶ እንደምትይዢው።

ከጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ ስሙ "የአምስት መቶዎቹ" ነው። እነማን ናቸው? በ1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው ወታደሮች ናቸዋ! ሐውልታቸው ከጣቢያው የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው፣ ዛፎች መሃል። ቀጭኑ ድንጋይ ራሱ ከግብፅ የመጣ፣ የራምሴስ 2ኛ ዘመን ነው። ከሥሩ የሟቾቹ ስም ተጽፏል። አላፊ አግዳሚው ቀና ብሎም አያየው።

ከዚያ ቪያ ካቩር የሚባለውን መንገድ ይዘሽ ቁልቁል ወደ ኮሎሲየም። ከለገሃር ቴዎድሮስ አደባባይ ብትሄጂ ነው፣ ያውም ያለ ዳገት። መሃል ላይ ቡና ጠጪ። እንደ ቶሞካ ቆመሽ ጠጪው፤ ከተቀመጥሽ ዋጋው ይጨምራል። ማኪያቶ ብለሽ ብታዢ ግን የኛው ማኪያቶ አይመጣም። በሲኒ ቂጥ ያለች ቡና ናት፣ ጠብታ ወተት ነክቷት። አትቆጪ፣ ትጣፍጣለች።

ኮሎሲየምን ከውጭ እዪው። ውስጥ መግባት ቲኬት አስቀድሞ መያዝ ይፈልጋል፣ ግማሽ ቀንሽንም ይበላል። እኔ የምልሽ አጠገቡ ያለው የቆስጠንጢኖስ ቅስት ጋ ቁሚ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ እዚህ እኛ ጋ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ችቦ ሲበራ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ የገባው እዚህ ቅስት ሥር ነው። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። መሽቶ ስለነበር መንገዱ ላይ ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር።

ከቅስቱ ወደ ደቡብ የሚሄደው መንገድ ቪያ ዲ ሳን ግሪጎሪዮ ነው። ግንቡን እያየሽ ሂጂ፣ ለ50ኛ ዓመቱ የተለጠፈለትን የመታሰቢያ ጽሑፍ ታገኚዋለሽ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መጨረሻው ላይ የአክሱም ሐውልት የነበረበት ቦታ ትደርሻለሽ። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ተመልሶልናል። ያኔ ግን እዚያ ቆሞ ነበር። አበበ ተፎካካሪውን ጥሎ የወጣው ሐውልቱ ጋ ሲደርስ ነው። ዛሬ ባዶ ቦታ ነው ማለት ይቻላል። እኔ ግን ከሮም ሁሉ የቆምኩበት ረጅሙ ጊዜ እዚያ ነው።

ስለ ጫማ። እኔ አዲስ የቆዳ ጫማ አድርጌ ሄጄ ተረከዜ ተላጠ። የሮም ጥቁር ድንጋይ ከኛ ኮብልስቶን የባሰ ነው። አበበ በባዶ እግሩ ያሸነፈበት መንገድ ላይ እኔ ጫማዬን ያወለቅሁት ተሸንፌ ነው። ስለዚህ የምታደርጊውን ጫማ አድርገሽ ከለገሃር ፒያሳ በቸርችል ጎዳና ውጪና ተመለሺ። ከነከሰሽ ቀይሪው።

ውኃ አትግዢ። በየመንገዱ ቀኑን ሙሉ የሚፈስ የብረት ቧንቧ አለ፣ አፍንጫ የመሰለ። አፉን በጣትሽ ድፈኚው፤ ከላይ ባለችው ቀዳዳ ወደ አፍሽ ይፈናጠራል። መጀመሪያ ቀን ሸሚዜን አርሼበታለሁ። ምሳ ደግሞ በመቀስ ቆርጠው በሚዛን የሚሸጡት ፒዛ ይሻልሻል። ተርሚኒ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤት አይጠፋም፤ ግን ለአንድ ቀን እንጀራ ይቅርብሽ።

ጉልበት ከተረፈሽ ወደ ካምፒዶሊዮ ኮረብታ ውጪ። አበበ ሩጫውን የጀመረው ከዚያ ነው። ከዚያ ፓንቴኦን፣ መግቢያው 5 ዩሮ። ትሬቪ ፏፏቴ ሰው ይበዛበታል፤ አይተሽ እለፊ። አውሮፕላንሽ ሊነሳ ሦስት ሰዓት ሲቀረው ተርሚኒ ሁኚ። የስልክሽን ሰዓት ብቻ እመኚ። እኔ 9:00 የሚለውን በኛ አቆጣጠር አንብቤ ባቡር አምልጦኛል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 71 ነው፣ የአራት ኪሎ ነዋሪ ነኝ። ልጄ ሮም ልወስድህ ነው ይለኛል። ጉልበቴ ደረጃ አይወድም። በእግሬ የማየው ነገር ይኖረኛል?

መልስ፦ ይኖርዎታል አባቴ። በሜትሮ ቢ መስመር ቺርኮ ማሲሞ የሚባለው ጣቢያ ይውረዱ። የአክሱም ሐውልት የነበረበት ቦታ እዚያው ነው። ከዚያ ከላይ የጻፍኩትን የአበበን መንገድ ቀስ ብለው ይሂዱ፤ ሜዳ ነው። ኮሎሲየም ሲደርሱ እዚያው ሌላ የሜትሮ ጣቢያ አለ። የስፔን ደረጃዎች የሚባሉትን ይተዉአቸው። ደክሞኝ ልቀመጥ ቢሉ እንኳ መቀመጥ ያስቀጣል።

ለሁለተኛ ቀን፣ ቫቲካን ውስጥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የኛ መነኮሳት ኖረውበታል። አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን ሮም ውስጥ ያሳተሙትም እዚያ እየኖሩ ነው። ግቢው ዝም ተብሎ አይገባምና ልጅዎ አስቀድሞ ይጠይቅልዎት። ከዘራዎንም አይርሱ፣ ዝናብ ከነካው ድንጋዩ ያዳልጣል።