«ለምን ውጣ አይሉትም?» ስለማይሄድ እንግዳ ተውኔት የሚጽፉና የሚያዘጋጁ አንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ለአንድ ሌሊት ብሎ መጥቶ ባልና ሚስት ቤት ስለሚቀር ሰው ባለ ሁለት ገቢር ጥቁር ኮሜዲ፣ ማለትም በሚያስፈራና በሚያሳዝን ነገር የሚያስቅ ተውኔት ጽፌአለሁ። ጓደኞቼን ሰብስቤ ሳስነብብ ሁሉም የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ለምን ውጣ አይሉትም?» እንግዳውን ክፉ አድርጌ እንደገና ስጽፈው ደግሞ ጥያቄው ባሰ። የቱ ጋ ተሳሳትኩ?
ጀማሪ ጸሐፌ ተውኔት

መልስ፦ ጥያቄውን ያባባሰው እንግዳውን ክፉ ማድረግዎ ነው። ክፉን ሰው ማስወጣት ቀላል ነው፤ ጎረቤት ይጠራል፣ በር ይከፈታል፣ አለቀ። የሚያስቸግረው ትሁቱ ነው። «እኔ እዚሁ ወለሉ ላይ ጋደም እላለሁ፣ እናንተ አትቸገሩ» የሚል ሰው ፊት የቤቱ ባለቤት አልጋውን ከመልቀቅ በቀር ምን ይላል? ይሉኝታ የሚሠራው እንግዳው ከባለቤቱ በለጥ ያለ ጨዋ ሲሆን ነው። ስለዚህ የእርስዎ እንግዳ አያስፈራራ፣ ድምፁን ከፍ አያድርግ፣ ከተቻለም አይዋሽ።

ቀጥሎ የእንግዳውን ጥያቄዎች ብቻ ከጽሑፉ ነጥለው በአንድ ወረቀት ላይ በቅደም ተከተል ያስፍሯቸው። ለአንድ ሰዓት ተኩል ተውኔት ከስምንት እስከ አሥር ጥያቄ ይበቃል። ብርጭቆ ውሃ፣ ዝናቡ እስኪያባራ መቀመጫ፣ ለአፍታ ጫማ ማውለቅ፣ ሶፋው ላይ ትንሽ ጋደም ማለት፣ ሻንጣውን ጓዳ ማስቀመጥ፣ እያለ እስከ ቤቱ ቁልፍ ይደርሳል። እያንዳንዱን በሁለት ነገር ይፈትኑት። አንደኛ፣ ይህን የሚከለክል ሰው በራሱ ያፍራል ወይ? ሁለተኛ፣ ይህን የፈቀደ ሰው ቀጣዩን ለመከልከል ምን ሰበብ ይቀረዋል? አብዛኛው ጀማሪ የሚሰናከለው መሰላሉን ሲዘል ነው፤ ከሦስተኛው ጥያቄ በቀጥታ ሰባተኛው ላይ ይወጣል። «ለምን አያስወጡትም?» የሚለው ጥያቄ በተመልካቹ ልብ የሚነሣው ልክ እዚያ ክፍተት ላይ ነው። በሚቀጥለው ንባብ የአድማጮችዎ ፊት የተለወጠበትን መስመር በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት፤ የጎደለው ደረጃ ከዚያ መስመር በፊት ይገኛል።

ግን መሰላሉ ብቻውን አይበቃም። ባለቤቱ ደግ መስሎ ለመታየት የሚገፋው የራሱ ቁስል ያስፈልገዋል። የስዊዘርላንዱ ጸሐፌ ተውኔት ማክስ ፍሪሽ በ1953 እ.ኤ.አ. ለሬዲዮ፣ በ1958 ደግሞ ዙሪክ ውስጥ ለመድረክ ያበቃውን የቢደርማንን ታሪክ ይመልከቱ። ባለቤቱ ቤት አቃጣዮችን ጣሪያው ሥር ያስተኛል፤ የቤንዚን በርሜሎች ሲገቡ ያያል፤ በመጨረሻም ክብሪቱን በእጁ ይሰጣቸዋል። ይህ የሚታመነው ሰውዬው ሠራተኛውን ያለ ርኅራኄ ያባረረ በመሆኑ ነው። ለእንግዳው «እምቢ» ቢል እውነተኛ ማንነቱን ያመነ ያህል ይሆንበታል። እዚያ ያሉት እንግዶች ያሰቡትን አይደብቁም፤ ባለቤቱ ግን እውነቱን እንደ ቀልድ ይሰማዋል። የእርስዎ ባልና ሚስት እንግዳው ከመድረሱ በፊት የሠሩት፣ የሚያሳፍራቸው አንድ ነገር ይኑር፤ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎችም በአንድ ወይም በሁለት ቃለ ተውኔት ብቻ ይጠቆም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ባልና ሚስቱ እንግዳውን ለማስወጣት በአንድ ጊዜ አይቁረጡ። ሚስት ልታስወጣው ስትነሣ ባል አሁን ቃል ገብቶለታል፤ ባል ሲመረው ሚስት አዝናለታለች። ሁለቱ ብቻቸውን የሚሆኑበት አንድ ትዕይንት ይስጧቸው፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ግን ጠባቸውን እንኳ በሹክሹክታ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ እንግዳው መጋረጃው እንደተከፈተ ይግባ ወይስ ይቆይ?
የድራማ ክበብ አስተባባሪ

መልስ፦ መቆየቱ ይጠቅማል፤ ልኩ ግን አለው። በፈረንሳዊው ጸሐፌ ተውኔት በሞልየር «ታርቱፍ» በተባለው ባለ አምስት ገቢር ተውኔት ውስጥ አስመሳዩ እንግዳ መድረክ የሚረግጠው በሦስተኛው ገቢር ነው። እስከዚያ ቤተሰቡ በእሱ የተነሣ ሲጨቃጨቅ ስለምናይ፣ ሲገባ ቤቱ ቀድሞ የተያዘ ነው። በአጭር ተውኔት ያን ያህል መጠበቅ አይቻልም። የአንድ ሰዓት ተኩል ሥራ ከሆነ ከሰባት እስከ አሥር ደቂቃ በቂ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ተመልካቹ ባልና ሚስቱን ዋና ታሪክ አድርጎ ይይዝና እንግዳው የመጣበት ያህል ይሰማዋል።

ጥያቄ፦ የማዘጋጀው ተውኔት የመጀመሪያው ገቢር በሳቅ ይናወጣል። ሁለተኛው ላይ ነገሩ ሲጨልም ሳቁ ድንገት ይሞትና ሌላ ተውኔት የገባን ይመስላል። መብራቱን ቀንሼ ሙዚቃም ጨምሬ ነበር፤ አልረዳኝም።
አዘጋጅ

መልስ፦ መብራቱንና ሙዚቃውን ያንሷቸው። ሁለቱም ለተመልካቹ «ከአሁን በኋላ አትሳቅ» የሚሉ ትእዛዞች ናቸው። ክፍሉ እንደ መጀመሪያው ብሩህ ይሁን፤ ተዋንያኑም የንግግራቸውን ፍጥነት አይለውጡ።

ጨለማው መዘራት ያለበት ሳቁ ውስጥ ነው። አንድ ዕቃ ይምረጡና ሦስት ጊዜ ይመልሱት። ወንበር እንበል። በመጀመሪያ እንግዳው ሳያውቅ የባለቤቱ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ባል አፉን ሊከፍት ይልና ትቶ ዱካ ላይ ይቀመጣል። ሰው ይስቃል። በሁለተኛው እንግዳው ገላውን ሊታጠብ ሄዷል፣ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ባል አየት ያደርገውና ዱካው ላይ ይቀመጣል። አሁንም ይሳቃል፣ ግን ሳቁ ይሳሳል። በሦስተኛው እንግዳው ጋዜጣ እያነበበ ሳለ ባል በገዛ ቤቱ ቆሞ «ልቀመጥ?» ብሎ ይጠይቃል። ሦስተኛው ላይ ምንም አታጋንኑ፤ ተዋናዩ «ልቀመጥ?» የሚለውን ውሃ ስጡኝ እንደሚል ሰው ተራ አድርጎ ይበለው። ካሳዘነበት ተመልካቹ ቀድሞ ስለሚያዝን ሳቁ ጉሮሮው ላይ አይያዝም።

ተመልካቹ ሲስቅ ጠብቆ መናገርም ልምምድ ይፈልጋል። ቀጣዩ ቃል መምጣት ያለበት ሳቁ ጫፍ ደርሶ መውረድ ሲጀምር ነው። ፍጹም ጸጥታ ከተጠበቀ ትዕይንቱ ይቀዘቅዛል፤ ሳቁ እየወጣ ከተነገረ ደግሞ ቃሉ ይጠፋል፤ ሰውም ንግግር ላለማምለጥ ሲል ሳቁን ማፈን ይጀምራል። በዚያች ክፍተት ተዋናዩ እንደ ሐውልት አይድረቅ፤ የያዘውን ልብስ ማጠፉን ይቀጥል።

ጥያቄ፦ ሚስቲቱን ሆኜ እየተጫወትኩ ነው። አዘጋጁ «ጨዋ ሁኚ» ይለኛል፤ ስሆን ግን ደብዛዛ እሆናለሁ።
ተዋናይት

መልስ፦ ጨዋነትን እንደ ጠባይ ሳይሆን እንደ ሥራ ይያዙት፤ ሴትዮዋ በየመስመሩ «ውጣልኝ» የሚለውን እያፈነች ነው። ልምምድ ላይ ትዕይንቱን አንድ ጊዜ የተጻፈውን ትተው የልቧን ጮክ ብለው እየተናገሩ ይጫወቱት። ወዲያው፣ ዕረፍት ሳይወስዱ፣ በተጻፈው ቃል ይድገሙት። ቁጣው ከአፍ ቢጠፋም እጅ ላይ ይቀራል። ፎጣውን ከሚገባው በላይ አጥብቆ ማጠፍ፣ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ጠንከር አድርጎ ማኖር ይበቃል። በአንድ ትዕይንት ከአንድ ወይም ከሁለት ጊዜ በላይ ግን አያሳዩት፤ በየመስመሩ ካፈሰሱት ለመጨረሻው የሚተርፍ አይኖርም። ፈገግታው ላይም ይጠንቀቁ፤ እንግዳው ፊቱን እንዳዞረ ድንገት ከሚጠፋ ይልቅ ማንም ሳያያት ሁለት ሦስት ሴኮንድ ፊቷ ላይ ቢቆይ ይበልጥ ያስፈራል።

ጥያቄ፦ ሻንጣውና በሩ የውሸት መሆናቸው ያስታውቃል።
የመድረክ ቁሳቁስ ኃላፊ

መልስ፦ ባዶ ሻንጣ እጅ ላይ ይወዛወዛል፤ ከስምንት እስከ አሥር ኪሎ አሮጌ መጽሐፍ ይሙሉበትና እንዳይንኳኳ በጨርቅ ይጠቅጥቁት። በሩ በመድረኩ ጎን ካለ፣ ማጠፊያው ከተመልካቹ ራቅ ባለው ጎን ይሁን፤ ወደ ውጭም ይከፈት፤ ያኔ የሚገባው ሰው ፊት ይታያል፣ መዝጊያውም እይታ አይጋርድም። ሲዘጋ ግድግዳው የሚነቃነቅ ከሆነ ከጀርባው ሰያፍ ድጋፍ ያቁሙና እግሩ ላይ ክብደት ይጫኑበት። መቆለፊያው ደግሞ እውነተኛ ብረት ይሁን። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ዓይንዎን ይጨፍኑና አንድ ሰው ቁልፉን ያዙረው፤ ቀጭ ሲል ካልሰሙት ይቀይሩት።