ከመቀመጫ እስከ እግር ጣት ስለሚወርድ ሕመም፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳርቻ በሚገኝ ሆቴል ውስጥ በማሳጅ ሙያ እሠራለሁ። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚውሉ የባጃጅ አሽከርካሪዎችና የቢሮ ሠራተኞች ሲሆኑ፣ ከመቀመጫቸው ተነሥቶ በጭናቸው ጀርባ ወደ ታች የሚወርድ ሕመም እንዳለባቸው ይነግሩኛል። መቀመጫቸውን ጠንከር አድርጌ ሳሸው አንዳንዶቹ ይሻላቸዋል፤ ሌሎቹ ግን በማግሥቱ ብሶባቸው ይመለሳሉ። ልዩነቱ ከምን የመጣ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የደንበኞችዎ ሕመም ሲነገር አንድ ይምሰል እንጂ መነሻው የተለያየ ነው። ከሰውነታችን ነርቮች ሁሉ ወፍራም የሆነው ሳያቲክ ነርቭ ከታችኛው ወገብና ከወገብ በታች ካለው ባለሦስት ማዕዘን አጥንት በሚወጡ የነርቭ ሥሮች ይጀምራል። ከዳሌ ሲወጣም በአብዛኞቹ ሰዎች ፒሪፎርሚስ ከሚባለው ትንሽ ጡንቻ ሥር ያልፍና፣ በትልቁ የመቀመጫ ጡንቻ ተሸፍኖ፣ በምንቀመጥበት አጥንትና በጭን አጥንት የላይኛው የውጭ ጉብታ መካከል ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ የመቀመጫውን መካከል በክርን ሲጫኑ ከጡንቻው ሥር ያለውን ነርቭም እየተጫኑ መሆንዎን አይዘንጉ።

ችግሩ ከመቀመጫ ጡንቻ ሲሆን ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በመቀመጫና በጭን ጀርባ ይወሰናል፤ ጡንቻውን ሲነኩትም ደንበኛው «ይኸው እሱ ነው» ይላል። መነሻው የተንሸራተተ ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል አካል) ሲሆን ግን ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከጉልበት አልፎ ይወርዳል፤ ሲያስል፣ ሲያስነጥስና ጎንበስ ሲል ይብሳል፤ መደንዘዝና መጠዝጠዝም ይከተለዋል። ድንዛዜው በቅልጥም የውጭ ጎን ወርዶ ወደ አውራ ጣት ከደረሰ አምስተኛው የወገብ ነርቭ ሥር፣ በባት በኩል ወርዶ ወደ ትንሿ ጣት ከደረሰ ደግሞ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሥር መነካቱን ያመለክታል። ይህን ለማየት ደንበኛው በጀርባው ተኝቶ ሳለ የታመመውን እግር፣ ጉልበቱን ሳያጥፉ፣ ቀስ ብለው ያንሡለት። ከ30 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ከፍታ ከጉልበት በታች የሚወነጨፍ ሕመም ከተሰማው ነርቩን ይጠርጥሩ፤ የጭን ጀርባ መወጠር ብቻ ከሆነ ግን የጡንቻው ማጠር ሊሆን ይችላል።

ማሳጅ የተንሸራተተን ዲስክ ወደ ቦታው አይመልስም። ደግነቱ አብዛኛው የዲስክ ሕመም በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ የሚሄድ ነውና፣ በዚያ ጊዜ የእርስዎ ድርሻ በወገብና በዳሌ ዙሪያ የተወጠሩትን ጡንቻዎች በለስላሳ እጅ ማፍታታት፣ ደንበኛውንም በጉልበቶቹ መካከል ትራስ አድርጎ በጎኑ ማስተኛት ነው። «ካላመመ አይሠራም» የሚለው በሙያውም በደንበኞችም ዘንድ የተስፋፋ እምነት ብዙ ሰው የጎዳ ይመስለናል፤ በተቆጣ ነርቭ ላይ የሚጨመር ጉልበት ቁጣውን ያብሰዋል እንጂ አያበርደውም። ከጉልበት በታች በውጭ በኩል፣ በቀጭኑ የቅልጥም አጥንት አናት ሥር፣ የዚሁ ነርቭ ቅርንጫፍ ከቆዳ ብዙም ሳይርቅ ተጠምጥሞ ስለሚያልፍ እዚያ ላይ ጠንክሮ መጫን ፈጽሞ አይገባም፤ ነርቩ ሲጎዳ ሰው የእግሩን ፊት ወደ ላይ ማንሣት ያቅተዋልና።

እጅዎን ፈጽመው የሚሰበስቡበትም ጊዜ አለ። ደንበኛው በብልቱና በፊንጢጣው ዙሪያ መደንዘዝ፣ ሽንት መያዝ ወይም መሽናት አለመቻል፣ ወይም የሁለት እግር መድከም ከነገረዎት በዚያው ዕለት ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ይላኩት፤ የዘገየ ሕክምና ዘላቂ ጉዳት ያስከትላል። ከወገብ ሕመም ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ያለበትም ሰው የአከርካሪ ቲቢ ሊሆንበት ስለሚችል ከመታሸቱ በፊት ሊመረመር ይገባል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዘጌ ነው። እኅቴ በቅርቡ ወልዳ አራስ ቤት ናት። የግራ ባቷ አብጦ ይሞቃል፣ ሲነካም ያማታል። እናታችን «በቅቤ እሺያት» ትለኛለች። ልሻት?

መልስ፦ አይሹአት፤ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ይውሰዷት። አራስን በቅቤ ማሸት የፍቅርና የእንክብካቤ ልማድ መሆኑን እናውቃለን፤ እናትዎም ለልጃቸው አስበው ነው። ነገር ግን ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ደም በእግር ውስጠኛ ደም ሥር የመርጋት ዕድሉ ከፍ ይላል፤ የአንድ እግር ብቻ እብጠት፣ ሙቀትና ሕመምም ምልክቱ ነው። የረጋውን ደም ማሸት ከቦታው ሊያላቅቀውና በደም ዝውውር ወደ ሳንባ ሊወስደው ይችላል፤ ይህም ሕይወት ይቀጥፋል። ድንገት ትንፋሽ ካጠራት ወይም ደረቷን ከወጋት አንድ ደቂቃም አይጠብቁ። ሐኪሙ ደም ሥሩን በአልትራሳውንድ አይቶ ደም መርጋቱን ካረጋገጠ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይጀምርላታል፤ እያጠባች መሆኗንም ይንገሩት፣ መድኃኒቱን የሚመርጠው ያንን አይቶ ነውና። እግሯ መቼ ሊታሽ እንደሚችልም እሱን ራሱን ይጠይቁት።