ቀይ ጉዝጓዝ አለበስኩ፤ አበባዬ ለምን ገረጣ?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ትንሽ ቁርስ ቤት አለችኝ። በረንዳው ሥር ጽጌረዳና ጅራኒየም ተክያለሁ። የአበባ መደብ ላይ ቀይ የእንጨት ፍቅፋቂ ተነጥፎ አይቼ ስላማረኝ፣ ከአናጢ ቤት አንድ ማዳበሪያ ፍቅፋቂ አስመጥቼ የግድግዳ ቀለም ቀባሁት። ንፋስ እንዳይበትነው ብዬ ከአፈሩ ጋር አገላብጬ ደባለቅሁት። ወር ሳይሞላ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ቀለሙ መርዞት ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ቀድመው ቢጫ ከሆኑ፣ ጥፋቱ የድብልቁ ነው። ጥሬ እንጨት አፈር ውስጥ ሲገባ የሚያበሰብሱት ደቂቅ ሕዋሳት ናይትሮጅን ይፈልጋሉ፤ ከእንጨቱ በቂ ስለማያገኙ ከአፈሩ ይወስዱታል። አበባዎ ምግቡን ተሻምተውበት ተርቧል። ፍቅፋቂውን ለቅመው ያውጡና በደንብ የተብላላ ፍግ ይጨምሩለት። ለበዓል ቄጤማ የምንጎዘጉዘው ከላይ አይደል? የእንጨቱም እንደዚያው ነው፤ ከላይ ሲነጠፍ የአፈሩን እርጥበት ይይዛል፣ አረምም ያፍናል።

የግድግዳ ቀለሙን ግን ይተዉት። ፋብሪካ የሚያቀልመው ቀይ ጉዝጓዝ መልኩን በአብዛኛው የሚያገኘው ከአይረን ኦክሳይድ ነው፤ ቀይ አፈራችንን የሚያቀላውም እሱው ነው። የግድግዳ ቀለም ውስጥ ግን ፕላስቲክ አለ፤ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት እየተላጠ አፈርዎ ውስጥ ይቀራል።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ እንጨቱ ነው፤ ቀለም የእንጨቱን ታሪክ ይሸፍናልና። ከፈረሰ ቤት የወጣ፣ ድሮ የተቀባ እንጨት እርሳስ ሊኖረው ይችላል። ምስጥ እንዳይበላው በመድኃኒት የተነከረ ምሰሶ ደግሞ አርሴኒክ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ አናጢውን «ይህ ከምን እንጨት የወጣ ነው?» ብለው ሳያፍሩ ይጠይቁት። ያልተቀባና ያልተነከረ የጽድ እንጨት ከሆነ እሰየው። ባሕር ዛፍ ከሆነ ግን ተክል የሚጎዳው ነገር እንዲታጠብለት አንድ ክረምት ውጭ ተከምሮ ዝናብ ይምታው።

አነጣጠፉንም ልንገርዎ፤ እኔ ዛፍ ከፍዬ ነው የተማርኩት። ባሕር ዳር ግቢዬ ካለው አቮካዶ ግንድ ላይ ፍቅፋቂ እንደ ጉብታ ከመርሁ። ነሐሴ ላይ ገለጥ ሳደርገው ቅርፊቱ ጠቁሮ፣ እንደ ራሰ ዳቦ በጣቴ እየተላቀቀ መጣ። ሥሩ ዙሪያ ምስጥ ይርመሰመስ ነበር። በዓመቱ ዛፉ ደረቀ፤ አሁንም በዚያ በኩል ሳልፍ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ብቻ አነጥፋለሁ፤ ከግንዱም አንድ ስንዝር አርቃለሁ። ለጽጌረዳዎ ግማሽ ስንዝር ይበቃል።

ቀዩ መልክ የግድ ካሻዎ፣ አበባ የሌለበትን የመተላለፊያውን ዳር ለግንባታ የሚሸጠውን ሬድ አሽ የሚባለውን ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ያልብሱት። ፀሐይ አያገረጣውም፣ ምስጥም አይበላውም። አፈር ስለማያዳብር ግን የአበባው መደብ ላይ ያልተቀባውን ፍቅፋቂ ይጠቀሙ፤ እየሳሳ ሲሄድ በየዓመቱ ከላይ ጨመር ያድርጉበት።