ሐረጎ ላይ ለሚደክም መኪና የአየር ፊልትሮ ቤት መብሳት ያዋጣል ወይ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ አይቼው ነበር። በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልሆነ ዛሬ ቡና ይዤ ቁጭ አልኩበት። ላላያችሁት ጥያቄው ይኼ ነው። መኪናው የ2004 ሞዴል ኮሮላ ነው፣ 1.6 ሞተር። ልጁ የሚኖረው ኮምቦልቻ፣ የሚሠራው ደሴ። በየቀኑ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ መኪናው ይደክምበታል። ቪዲዮ አይቶ የፊልትሮ ቤቱን ሥሩን በትራፓኖ ሊበሳው፣ ከጎኑ ያለችውን ባዶ የፕላስቲክ ሳጥን ሊያወልቃት፣ ገንዘብ ከተረፈው ደግሞ ያንን ሾጣጣ ክፍት ፊልትሮ ሊገጥም አስቧል። "እቤቴ ልሥራው? ለውጥ አለው?" ይላል።

አጭሩ መልስ፣ አትብሳው። ረጅሙ መልስ፣ እኔ በስቼዋለሁ።

የኔም መኪና ያንተው ዓይነት ናት፣ ሞተሯም ያው። የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ አንድ እሑድ ጠዋት ኮፈኑን ከፍቼ ገባሁባት። ሳጥኗን አወለቅኩ። የፊልትሮ ቤቱን ሥር በትራፓኖ አሥራ አንድ ቦታ በሳሁት። ሞተሩን አስነስቼ ነዳጅ ስሰጠው እንደ በሬ አገሳ። ደስታዬን አትጠይቀኝ። ፒያሳን ሁለቴ ዞርኩ፤ ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ። መኪናዋ የፈጠነች መሰለኝ። ጆሮ ሲሞላ እግርም የሚፈጥን ይመስለዋል።

በሳምንቱ ሐረጎ ላይ ሰዓት ያዝኩ። ጎህ ሲቀድ፣ ጭነት መኪና ሳይበዛ፣ ከአንድ ድልድይ እስከ አንድ ኩርባ። ከመብሳቴ በፊት በያዝኩት ሰዓትና በዚህኛው መሀል ያለው ልዩነት ሁለት ሰከንድ ነው። ያውም ወደ ኋላ።

ሠፈራችን ያሉ አንድ የድሮ መካኒክ አሉ። ሄጄ ነገርኳቸው። ቤቱን አገላብጠው አዩትና፣ "አየር እንዲገባ ነው የበሳኸው? ልጄ፣ አየሩ እኮ ደሴ ላይ ራሱ የለም" አሉኝ። ያን ዕለት ተናድጄ ወጣሁ። በኋላ ግን ቁጥሩን ሳየው የተናገሩት እውነት ነው።

ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ናት። ደሴ 2,500 አካባቢ። ባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 1,013 ሄክቶፓስካል ነው። ኮምቦልቻ ላይ ወደ 810፣ ደሴ ላይ ወደ 750 ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ያገኘውን ነው የሚተነፍሰው። ፋብሪካው ለዚህ ሞተር 110 የፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈው ባሕር ጠለል ላይ ነው። ደሴ ስትደርስ ሩቡ የለም። አንተ ሐረጎን የምትወጣው በ80 ምናምን ፈረስ ነው፤ ከነተሳፋሪህ፣ ከነአየር ማቀዝቀዣህ። ቱርቦ ያላቸው የናፍጣ ፒካፖች እዚያ ዳገት ላይ ጥለውህ የሚሄዱት ቱርቦው የሳሳውን አየር ጨምቆ ስለሚሰጣቸው ነው። ስለዚህ አብሽር፣ መኪናህ ላይታመም ይችላል።

ግን "ፊልትሮ ቤቱስ ምን ያህል ያንቃል?" ማለትህ አይቀርም። እኔም ያንኑ ነበር ያልኩት። ለክቼዋለሁ።

ከመድኃኒት ቤት ቀጭን የግሉኮስ ቱቦ ገዛሁ። አንድ ሜትር ጣውላ ላይ እንደ ዩ ፊደል አጥፌ በናስትሮ ለጠፍኩት። ግማሹን በውሃ ሞላሁ፤ እንዲታይ ቀይ ቀለም ጠብ አደረግኩበት። ከፊልትሮ ቤቱ ወደ ትሮትል ቦዲ (ነዳጅ ስትረግጥ የአየሩን መግቢያ የሚከፍተው) የሚሄደው ጎማ ላይ ከቴስታታው፣ ማለትም ከሞተሩ ራስ፣ ክዳን የሚመጣ ቀጭን የመተንፈሻ ቱቦ ይሰካል። እሱን ለጊዜው ነቀልኩት። የክዳኑን በኩል በንጹሕ ጨርቅ ወተፍኩ፤ በጎማው በኩል የኔን ቱቦ ሰካሁ። ምንም መብሳት አያስፈልግም። ታናሽ ወንድሜ ጣውላውን ታቅፎ ጎኔ ተቀመጠ። በሁለተኛ ማርሽ ነዳጁን እስከ ወለል ረግጬ ሐረጎን ስወጣ ሞተሩ በአንድ በኩል ውሃውን ይስበዋል። በሁለቱ ክንድ መሀል ያለው የከፍታ ልዩነት ነው እንግዲህ መታነቁ። ወንድሜ እንደ ኳስ አስተላላፊ ይጮኻል፦ "ሠላሳ! ሠላሳ አራት! ሠላሳ ስድስት!"

36 ሴንቲ ሜትር። ይኼ በአሮጌው ፊልትሮ ነው። ቤቱ ተበስቶም እንኳ።

አዲስ የወረቀት ፊልትሮ ከተትኩና ደገምኩ። 14 ሆነ። የበሳኋቸውን ቀዳዳዎች በናስትሮ ደፍኜ ደግሞ ሞከርኩ። 16። አየኸው? ያ ሁሉ የትራፓኖ ሥራ ያመጣው ሁለት ሴንቲ ነው። አዲሱ ፊልትሮ ብቻውን 22 ሴንቲ አምጥቷል።

አሁን ቁጥሩን አስተያየው። አንድ ሴንቲ ሜትር ውሃ አንድ ሄክቶፓስካል ገደማ ነው። ከባሕር ጠለል ደሴ ድረስ ተራራው የወሰደብህ ከ260 በላይ ነው፤ በውሃ ቢለካ ሁለት ሜትር ተኩል ያልፋል። ጣውላዬ ላይ አይበቃም ነበር። ፋብሪካው የሠራው ቤት ከአዲስ ፊልትሮ ጋር የሚይዝብህ 16 ነው። ቤቱን አውጥተህ ብትጥለው እንኳ የምታገኘው ከ750ው ላይ ሁለት ከመቶ ነው። ለሁለት ከመቶ ነው እንግዲህ አቧራ የሚገባበት።

ስለ ባዶዋ ሳጥንም ልንገርህ፤ ብዙ ሰው "ፋብሪካው በከንቱ ያስቀመጣት" ይላታል። ሞተር አየርን በአንድ ወጥ አይስብም። ቫልቩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይጎነጨዋል። ያ ምት ቱቦው ውስጥ ጩኸት ይሆናል። ጠርሙስ አፍ ላይ ስትነፋ የሚወጣውን ድምፅ ታውቃለህ አይደል? ሳጥኗ የምትሠራው በዚያው ሕግ ነው፤ ተቃራኒ ሆና ጩኸቱን ትውጠዋለች። አየር በውስጧ አያልፍም፣ ጎን ላይ ነው ያለችው። ስታወልቃት የምታገኘው የበሬውን ድምፅ ብቻ ነው።

ሾጣጣውንም ሞክሬዋለሁ፤ እልኸኛ ነኝ። አዲስ አበባ ከአንድ መለዋወጫ ሱቅ አስመጣሁ። ሻጩ "አሥር ፈረስ ይጨምራል" ብሎኝ ነበር። በውሃው ስለካው 7 ሴንቲ ብቻ። ጨፈርኩ። ከዚያ በስልክ የሚያነበውን ትንሽ ስካነር ሰክቼ የሚገባውን አየር ሙቀት አየሁ። በፋብሪካው ቤት 29 ዲግሪ የነበረው በዚህኛው 57። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የፋብሪካው ቱቦ ከፊት፣ ከፍርግርጉ ኋላ ቀዝቃዛ አየር ይስባል። ሾጣጣው ኮፈን ውስጥ ተከፍቶ ተቀምጦ ራዲያተሩና ሞተሩ ያጋሉትን ይጠጣል። ከጭነት መኪና ኋላ በሃያ ኪሎ ሜትር ስትሳብ ደግሞ ኮፈን ውስጥ ምድጃ ነው። አየር ሲሞቅ ይሳሳል። ከ29 ወደ 57 ማለት ስምንት ከመቶ ያህል አየር ማጣት ነው። በአንድ እጄ አንድ ከመቶ ተቀብዬ በሌላው ስምንት ሰጠሁ።

በሁለት ሳምንቱ የቼክ ኢንጅን መብራት በራ። ስካነሩ ፒ 0171 አለ፤ ለሚገባው አየር ነዳጁ አንሷል ማለት ነው። ሾጣጣው ዘይት የተቀባ ነበር። ከፊልትሮው ቀጥሎ ያለው የአየር መለኪያ ሴንሰር ውስጥ የጋለ ቀጭን ሽቦ አለ፤ አየሩ ሽቦውን በሚያቀዘቅዘው ልክ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይመጥናል። ሽቦው ዘይት ሲቀባ ይዋሻል። ሌላም ጣጣ ነበረው። የፋብሪካው ሴንሰር የሚቀመጥበት ቱቦ ስፋቱ ታስቦ ነው የተሠራው። 60 ሚሊ የነበረውን 70 ብታደርገው አፉ በ36 ከመቶ ይሰፋል። ያው አየር ቀስ ብሎ ያልፋል፣ ሴንሰሩ ትንሽ ነው ብሎ ያስባል፣ ቤንዚን ይቀንሳል። "ሰፋ ያለ ቱቦ" የምትሉ ልጆች ይቺን ያዙ።

አቧራውን ደግሞ በጣቴ ነው ያየሁት። ለሠርግ ገጠር ወርጄ ኮረኮንቹን ተመልሼ ስመጣ ቱቦውን ከፍቼ ውስጡን በጣቴ ጠረግኩት። ጣቴ ቡና ዱቄት የነካ መሰለ። ያ ማለት ሲሊንደሩን የሚፈጭ፣ ፋሻ (የፒስተኑን ቀለበት) የሚጨርስ አሸዋ ነው። የዚያኑ ማታ አወለቅኩት። አሁን ቁም ሣጥን ላይ አለ፤ ልጄ አክሊል አድርጋ ትጫወትበታለች።

ታዲያ ምን ጠቀመኝ? ይኼኛው ነው ዋናው።

የመጀመሪያው ያ አዲስ ፊልትሮ ነው። ሁለተኛው ስንጥቅ ነው። ከሴንሰሩ በኋላ ያለው እጥፍጥፍ ጎማ ከሥሩ ተሰንጥቆ ነበር። ከላይ አይታይም፤ በእጅህ አጥፈህ በስልክህ መብራት ስታየው ነው አፉን የሚከፍተው። በዚያ የሚገባውን አየር ሴንሰሩ አይቆጥረውም። ያንን ቀይሬ ፋሸታዎቹን አጠበቅኩ። የቤቱ አንድ መያዣ ሽቦ ተሰብሮ ክዳኑ አይገጥምም ነበር፣ እሱንም አስተካከልኩ። ትሮትል ቦዲውን አጸዳሁ፣ ሴንሰሩን ለሱ በተሠራው ስፕሬይ አጠብኩት። የካርቡራተር ማጠቢያ እንዳትነፋበት፣ ትገለዋለህ።

ሦስተኛው አንተም ጋ ይኖራል ብዬ እጠረጥራለሁ። ሾጣጣውን ሳወልቅ የፋብሪካውን ቤት በነበረበት መለስኩ። ወራት ቆይቶ ራዲያተር ለማሠራት አንድ ጋራዥ አስገባኋት። ስወስዳት ከቤቱ ወደ ፊት የሚሄደው የመሳቢያ ቱቦ የለም። "ትርፍ ነው" ብለው ጥለውታል። ቤቱ የሚስበው እንግዲህ ከራዲያተሩ ኋላ ሆነ። ስካነሩ ዳገት ላይ 48 ዲግሪ ማለት ጀመረ። ኦሪጂናሉን አጣሁት።

እቤት መሥራት ከፈለግክ ይኼን ሥራ። ባለ 75 ሚሊ የፒቪሲ ቱቦና አንድ ኤልቦ ገዛሁ። በሴጌቶ ቆርጬ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ። የሚስበው አፍ ጠርዙ ስለታም ከሆነ አየሩ እዚያ ይታመሳል፤ እንደ ጡሩምባ መከፈት አለበት። ቱቦውን ከፍም ላይ ራቅ አድርጌ እያዟዟርኩ አለሰለስኩና በእናቴ ጀበና ሆድ ላይ ተጭኜ አስፋሁት። እንደ ፋብሪካ ሆነ። "ጀበናዬን ለመኪና?" ብላ ግማሽ ቀን አኮረፈችኝ። ውጭ ሥራው፣ ፒቪሲ ሲግል ጢሱ መጥፎ ነው። ከዚያ አፉን ከፊት ፍርግርጉ ኋላ፣ ከላይ በኩል አሰርኩት። ከቤቱ ጋር የሚገናኝበትን በካላማዳሪ ቁራጭ ጠቅልዬ በፋሸታ ያዝኩ፤ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ፕላስቲኩ እንዳይሰነጠቅ። ሙቀቱ ወደ 31 ወረደ። ከ48 ወደ 31 አምስት ከመቶ ተኩል አየር ነው። ከትራፓኖው ጋር አስተያየው።

አንድ ነገር ለምኜሃለሁ፣ አፉን ወደ ታች፣ ወደ መከላከያው እንዳታወርደው። ቪዲዮው ላይ የሚያደርጉት አገራቸው ሌላ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ኮምቦልቻ ጎርፉ መንገድ ላይ ሲተኛ ታውቀዋለህ። ሞተር ውሃ ከጎነጨ ውሃ አይጨመቅም፣ ቢዬላ (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ነው የሚታጠፈው።

ፊልትሮውን ደግሞ ላቫጆ ቤት በኮምፕሬሰር አታስነፋ። ልጆቹ አፈሙዙን ወረቀቱ ላይ ተክለው ነው የሚነፉት፣ ይበሳሳል። የግድ ከሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከራቅ። ከዚያ የስልክህን መብራት ከኋላው አድርገህ እየው፤ ነጥብ ብርሃን ካየህ ጣለው። አቧራማ መንገድ የምትመላለስ ከሆነ መመሪያው ከሚለው ቀድመህ ቀይር።

አነዳድህም ላይ፣ ዳገቱን በሦስተኛ እየጎተትክ ከሆነ ቶሎ ወደ ሁለተኛ ውረድ። ይኼ ሞተር ዙሩ ከፍ ሲል ነው ጉልበት ያለው፣ መጮኹ አያስደንግጥህ።

እንግዲህ ነገ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ኮፈኑን ክፈትና ሁለት ፎቶ ላክልኝ። አንዱ የፊልትሮ ቤቱ አፍ ወዴት እንደዞረ፣ አንዱ እጥፍጥፉ ጎማ ከሥር። ጣውላውና የግሉኮስ ቱቦው እኔ ጋ አሉ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሐረጎ ላይ መለካት እንችላለን። ወንድሜን ግን አንተ ለምነው፤ ባለፈው ቀዩ ውሃ ሱሪው ላይ ፈሶበት እስካሁን አልታረቀኝም።